የመስቀል መንገድ ወደ ጉንችሬ

መስከረም ከጠባ ሳምንት ያለፈው እንደ ሆነ፣ በአዲስ አበባ መርካቶ የሱቆቹ መዝጊያ ተራ በተራ እየወረደ ይሄዳል። ባለ ሱቁ ወደ አገር ቤት ወጥቷል። ደንበኛውም መጥቶ የተዘጋ በር ሲያገኝ አይቆጣም፤ ጊዜው የመስቀል፣ ሰውዬውም የጉራጌ ልጅ መሆኑን ያውቃልና «እንግዲህ ከመስቀል በኋላ ነው» ብሎ ይመለሳል። በዓመቱ ውስጥ ለሕመም እንኳ ሱቁን የማይዘጋው ነጋዴ ለዚህ ጉዞ ይዘጋል። ሊስትሮውም ሣጥኑን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ፣ ተሸካሚውም ያጠራቀማትን ከወገቡ ፈትቶ፣ የቢሮውም ሠራተኛ ፈቃድ ጠይቆ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

በእኛም ቤት ይህ ጉዞ የጸና ልማድ ነበር። «ነበር» ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. መስቀል በኋላ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሳንሄድ ቀርተናል። በመጀመሪያው ዓመት የቤንዚን መወደድን ምክንያት አደረግን፤ በሁለተኛውም ዓመት ስለ መንገዱ ጸጥታ የሚወራውን ወሬ። ሁለቱም ምክንያቶች ውሸት አልነበሩም። ነገር ግን በዚያው መንገድ ለሠርግና ለለቅሶ የሄዱ ጎረቤቶቻችን በሰላም ሲመለሱ እያየን ዝም ማለታችንን ከአንባቢ አንደብቅም።

እናታችን በእነሞር አገር፣ በጉንችሬ ከተማ አጠገብ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ አምስት ይጠጋል። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በስልክ የነገሩን ቃል ይህ ነው፦ «የመጣችሁ እንደ ሆነ እሰየው፤ የማትመጡም እንደ ሆነ ቅቤውን ለማን እንደምሰጠው ንገሩኝ።»

ስለ ቅቤው ለማያውቅ ሰው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በጉራጌ አገር ሴቶች ለመስቀል የሚሆነውን ቅቤ ማጠራቀም የሚጀምሩት ብዙ ወራት አስቀድመው ነው። አንዲት ላም ብቻ ያላት ሴት ለብቻዋ ብትንጥ የምታገኘው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ተማምለው የየቤታቸውን ወተት በተራ ለአንዷ ይሰጣሉ፣ በሚቀጥለውም ጊዜ ለሌላዪቱ። ይህ ማኅበር ውጆ ይባላል። ወንዶቹም የበሬውን መግዣ በእቁብ ያጠራቅማሉ። ቅቤው ተነጥሮ በሸክላ ሲቀመጥ በቆየ ቍጥር ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። የእናታችን ቅቤ እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲጠብቀን ኖሯል።

«እንመጣለን» አልን። ከዚያም የቀን መቁጠሪያ አውጥተን ስንመለከት አንድ ነገር አገኘን። የ2017 ዓ.ም. መስከረም 17 ቀን የዋለው ዓርብ ነበር፤ መስከረም 15 ደግሞ ረቡዕ። ከሁለቱ የጾም ቀኖች መካከል ለክትፎው የተረፈችው ሐሙስ ብቻ ሆነች። እኛም በከተማ ሰው ስሌት ቀመርን፦ ረቡዕ እንደርሳለን፣ ሐሙስ እንበላለን፣ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተን እንመለሳለን፤ ቅዳሜ የማይቀር የሥራ ጉዳይ አለንና። ከልጆቹ ትምህርት ቤት የሁለት ቀን ፈቃድ ወሰድን። ይህን ስሌታችንን ለእናታችን አልነገርናቸውም።

ረቡዕ ማለዳ በአሮጌ መኪና ስድስት ሆነን ወጣን፤ እኛ ባልና ሚስት፣ ሦስቱ ልጆቻችን፣ መኪናውንም የሚነዱት ታላቅ ወንድማችን። የጾም ቀን ስለ ሆነ ባለቤታችን ዳቦ፣ ቆሎና ሙዝ አዘጋጅታ ነበር። ታናሹ ብላቴና ገና ሰባት ዓመቱ ነው፤ አያቱን ያየው በሕፃንነቱ ነውና መልካቸውን በስልክ እንጂ በአካል አያስታውስም። ከጉራጊኛም የሚያውቀው አንዲት ቃል ብቻ ነበር፤ እርስዋም «አዶት» የምትለው፣ እናት ማለት ናት።

ከአየር ጤና ወጥተን ዓለም ገና ስንደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ወደ ግራ የሚታጠፈው በጢያ ትክል ድንጋዮች አጠገብ አልፎ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶ ይወርዳል። በጢያ የቆሙት ድንጋዮች 36 ሲሆኑ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እኛን ግን የገረመን ድንጋዩ ሳይሆን መንገዱ ራሱ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ የሚኖሩ የሶዶ ጉራጌ ተወላጆች ተሰብስበው፣ ይህን መንገድ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ ለማሠራት ማኅበር አቋቋሙ። ከነጋዴውም፣ ከባለ ሥልጣኑም፣ በገጠር ከሚኖረውም ገበሬ መዋጮ ሰበሰቡ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት ጥናት የዚህን ማኅበር ነገር የሚመረምር ነው። የሰባት ቤት ጉራጌም በዚያው ዘመን የራሱን የመንገድ ሥራ ድርጅት አቆመ። ወደዚህኛው ነገር ኋላ እንመለሳለን፤ በእናታችን ሣጥን ውስጥ አግኝተነዋልና።

እኛ ወደ ግራ አልታጠፍንም፤ የጅማን መንገድ ይዘን ቀጠልን። የቤተ ደናግሉ ገዳም የሚገኝባትን ሰበታን አልፈን፣ የወጨጫን ተራራ በስተ ቀኝ ትተን ስንወርድ፣ የበቾ ሜዳ ተገለጠ።

ይህን ሜዳ በክረምት መውጫ ያላየ ሰው ኢትዮጵያ ሁሉ ተራራ ይመስለዋል። ዓይን እስኪደክም ድረስ ጤፍ ነው። ገና ያላፈራ፣ ነፋስ ሲነካው እንደ ውኃ የሚንቀሳቀስ አረንጓዴ ጤፍ። በመንገዱ ዳርና ዳር አደይ አበባ ተሰልፏል። እዚህና እዚያ ባዶ የሚመስል ጥቁር ማሳ ይታያል፤ ባዶ አይደለም፣ ሽምብራ የሚዘራበት ነው። ሽምብራ ዝናቡ ካባራ በኋላ አፈሩ ባቈየው እርጥበት የሚያድግ እህል ነውና ገበሬው የሚዘራው ሌላው ሁሉ ዘርቶ ሲያበቃ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ይህን ሜዳ እየተጠማዘዘ ያቋርጠዋል፤ ክረምቱ በበረታበት ዓመትም ከዳርቻው ወጥቶ ማሳውንና ቤቱን ያጥለቀልቃል።

መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅም ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። በዚህ ምክንያት በላዩ የተነጠፈ አስፋልት በየዓመቱ ከሥር እየተነሣና እየወረደ እንደ ማዕበል ይሆናል። ታላቅ ወንድማችን «የበቾ መንገድ ሾፌሩን ያስተኛዋል፣ ተሳፋሪውን ያነቃዋል» ይላሉ። ቀጥ ብሎ ረጅም ስለ ሆነ ነጂውን እንቅልፍ ያታልለዋል፤ ከፍ ዝቅ ማለቱ ግን ከኋላ የተቀመጠውን አያሳርፈውም። ለመስቀል በዚህ መንገድ የሚሄዱ ወላጆች ማለዳ ተነሥተው በቀን ብርሃን እንዲያልፉት፣ የተጨናነቀ ሚኒባስም ከመሳፈር አንድ ቀን ቢቆዩ እንደሚሻል ሳንናገር አናልፍም።

በዚህ ሜዳ መካከል ሳለን በካናዳ አገር በካልጋሪ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድማችን በስልክ ደወለ፤ ምስልም የሚታይበት ነበርና ልጆቹ ሜዳውን በመስኮቱ አሳዩት። በዚያ አገር ከካልጋሪ እስከ ዊኒፔግ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል የስንዴና የሣር ሜዳ ነው፤ እርሱም በበጋቸው ወራት ቤተ ሰቡን በመኪና ይዞ ያንን ሜዳ ያቋርጣል። «እዚህ ሁለት ቀን ሙሉ ስነዳ የማስበው ያንን ነው፤ ልዩነቱ በእኔ ሜዳ መጨረሻ የሚጠብቀኝ ሰው አለመኖሩ ነው» አለ። ከዚያም ድምፁ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን ራሱ ይሁን አላወቅንም።

ተጂን ጥቂት እንዳለፍን የኋላው ጎማ ፈነዳ። መኪናዋን ከአስፋልቱ አወጣናት፤ ስሕተታችንም ይህ ነበር። ክሪኩን ከሥር አስገብተን ማንሣት ስንጀምር፣ መኪናዋ እንደ መነሣት ክሪኩ ወደ ጥቁሩ አፈር ሰመጠ። በበቾ ሜዳ ከሥር የሚደረግ ድንጋይ ይፈለጋል፤ አይገኝምም። ሦስት ጊዜ ሞከርን። ልጆቹ በመጀመሪያ ሳቁ፣ ቆይተውም ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ አንድ ሸምገል ያሉ ገበሬ ከማሳው ማዶ ሲያዩን ቆይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ሲመጡም ከበረታቸው በር ያወለቁትን ወፍራም ጣውላ ተሸክመው ነበር። ታላቅ ወንድማችን በወጣትነታቸው በዚህ አገር ጨርቅ እያዞሩ ሲነግዱ ኦሮምኛ ተምረዋልና ሁለቱ ወዲያው ተግባቡ። ጣውላው ከክሪኩ ሥር ገባ፤ ጎማውም በሩብ ሰዓት ተቀየረ። ገንዘብ ብንሰጣቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። የምንሄድበትን ጠይቀው ሲረዱ ግን ሳቁና፣ ወንድማችን እንደ ተረጐሙልን፣ «እንግዲያው ስትመለሱ ቆጮ አምጡልኝ» አሉ።

ወሊሶ ስንደርስ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። ፍል ውኃዋ የታወቀ ነው፤ ልጆቹም ሊያዩት ለምነው ነበር፤ በጎማው ምክንያት ጊዜ ስለ ባከነ አልፈቀድንም። ዳቧችንንና ቆሏችንን በመኪናችን ውስጥ ሆነን በላን። ከዚያም የዋልጋን ወንዝ ተሻግረን፣ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ወልቂጤ ገባን። ወልቂጤ ሞቃታማ ናት፤ በመስቀል ሰሞን ደግሞ የሰዉ ብዛት ሙቀቷን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚህ የጅማን መንገድ ትተን ወደ ደቡብ ታጠፍን።

ከዚህ በኋላ አገሩ ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲው በሚገኝባት በጉብሬ፣ ቀጥሎም በእምድብር በኩል ሲታለፍ ሜዳው ይጠፋና እንሰት ብቻ ይሆናል። እያንዳንዱ ቤት በእንሰት ተከቧል፤ ትንሹ ከፊት፣ ትልቁ ከኋላ፣ እንደ ዕድሜው ተሰልፎ። ዊልያም ሻክ የተባሉ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተሙት መጽሐፍ ሕዝቡን በእንሰት ባህሉ ሰይመውታል፤ አልተሳሳቱም። በኢትዮጵያ ሀያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በዚህ ተክል ይኖራል ይባላል። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይፈጃል። ተፍቆና ተጨምቆ በጉድጓድ ከተቀበረ በኋላም ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። እንግዲህ ቆጮ የሚበላ ሰው የሚበላው ከብዙ ዓመት በፊት የተተከለውን ነው። የጤፍ ገበሬ ዘንድሮ የዘራውን ዘንድሮ ያጭዳል፤ የእንሰት ቤት ግን አንድ ሰው ተክሎ ሌላው የሚበላበት ቤት ነው።

ጉንችሬ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ከከተማዋ ጥቂት ወጣ ብለን ወደ መንደራችን ጀፎረ ገባን። ጀፎረ በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የሚዘረጋ ሰፊ የሣር ጎዳና ነው። የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ማንም አያርሰውም፣ አያጥረውም። ከብቱ ይግጥበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሠርግ ይታለፍበታል፣ ለቅሶ ይቀመጥበታል፣ ሽማግሌዎች ነገር ይቈርጡበታል። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል። የከተማ ቦታ በካሬ ሜትር ሲሸጥ አይተን ላደግን ሰዎች ይህን ያህል መሬት ለሣር ብቻ ተትቶ ማየት ያስደንቃል። ልጆቻችን ከመኪናው እንደ ወረዱ አንድም ቃል ሳይናገሩ በሣሩ ላይ ሮጡ።

እናታችን በበራቸው ቆመው ነበር። ታናሹ ብላቴና ሩጫውን ገትቶ ቀረባቸውና ያቺን የሚያውቃትን አንዲት ቃል ተናገረ። እርሳቸውም በጉራጊኛ ብዙ መለሱለት፤ አንዱንም አልሰማም፣ ነገር ግን ራሱን ሲነቀንቅ ቆየ።

«የደንጌሳት ጎመን ትናንት አመለጣችሁ» አሉን እናታችን። ደንጌሳት የሴቶች መስቀል የሚባለው፣ ጎመን በአይብና በቅቤ ተከትፎ የሚበላበት ቀን ነው። ነቀፋቸው በዚህ ብቻ አበቃ። ስለ ሁለቱ ዓመታት አንድም ቃል አላነሡም፤ እኛንም ይበልጥ የከበደን ይህ ነበር።

ሐሙስ ማለዳ በሬው ታረደ፤ አራት አባወራ የተካፈሉት ነበር። ስለ ክትፎው ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንባቢ ያውቀዋል፤ የሚገኘውም በየከተማው ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት በቆየ ቅቤ የተለወሰ፣ በጣባ ቀርቦ በቀንድ ማንኪያ የሚበላ፣ የኮባ ቅጠል ተነጥፎ ቆጮው ትኩሱን የሚቆረስለት ክትፎ የሆቴሉ ወንድም እንጂ መንትያው አይደለም። ከመብሉ በፊት ሽማግሌው ቆመው መረቁ። ሲመሽም በጀፎረው ላይ ደመራው ተለኰሰ። ንግሥት እሌኒ በጢሱ ምልክት የጌታችንን መስቀል የተቀበረበትን ቦታ እንዳገኘች ለልጆቻችን ነገርናቸው። ዓለም ይህን በዓል በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በዩኔስኮ እንደ መዘገበው ታላቂቱ ልጃችን ከትምህርት ቤት የተማረችውን ጨመረች። እናታችንም «ሳይመዘግቡት በፊትስ ምን ነበር?» ብለው ጠየቋት። መልስ አላገኘችም።

ነገሩ የመጣው በዚያው ሌሊት ነው። ዓርብ እንደምንመለስ በዚያን ጊዜ ገለጥንላቸው። እናታችን ጥቂት ዝም ብለው፣ «ከበሬው ገና ግማሹ አልተነካም። ነገ ዓርብ ነው፤ ሥጋ አይበላም። የእናንተ ድርሻ ቅዳሜ ነው የሚበላው» አሉ።

በቤቱ ከነበሩት ዘመዶች አንዱ፣ ከከተማ የመጣ፣ «በዓሉ ከበለጠ ጾሙ ይሻራል፤ ነገ በልተው ይሂዱ» አለ። ይህን አሳብ ብዙ ሰው ሲናገረው ሰምተናል፤ እኛም በልባችን ልንይዘው ዳድቶን ነበር፤ ስሌታችንን ያድንልናልና። እንደ እድል ሆኖ የእናታችን የንስሐ አባት ለደመራው ቡራኬ መጥተው በዚያው ነበሩ። በትዕግሥት አስረዱን፦ ረቡዕና ዓርብ የሚበሉት ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀኖች ነው፤ ልደትና ጥምቀትም በረቡዕ ወይም በዓርብ ቢውሉ ጾም የለባቸውም። መስቀል ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ደስታው ምሉዕ ነው፤ ማዕዱ ግን የጾም ነው። ይህን ብለው ከፊታቸው የነበረውን ቡና ጨርሰው ተነሡ።

እንግዲህ ምርጫው ግልጥ ሆነ። ሥራችን ቅዳሜ ይጠብቀን ነበር፤ እናታችንም ድርሻችንን ለቅዳሜ አስቀምጠዋል። ባለቤታችን በጨለማ «ሁለት ዓመት የጠበቀ ቅቤ አንድ ቀን ቢጨምር ምን ይሆናል? እኛ ነን የማንጠብቀው» አለችን። በነጋ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ደውለን የቅዳሜውን ጉዳይ ሰረዝን። በዚያ ምክንያት ጥቂት ገንዘብ አጥተናል፤ ይህንንም የጻፍነው ነገሩ ያለ ዋጋ እንዳልሆነ ለማሳወቅ ነው።

ዓርብ ቅዳሴ አስቀደስን። ክርስትና በጉራጌ ትናንት የመጣ አይደለም፤ በምሁር ያለው የኢየሱስ ገዳም ጥንታዊ ነው፤ አቡነ ዜና ማርቆስም በዚህ አገር እንደ ሰበኩ ገድላቸው ይናገራል። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ያገኘነው ነገር ግን ያልጠበቅነው ነው። የእናታችን የቅርብ ጎረቤት እስላም ናቸው። እንደ ጉራጌ ልማድ ለመስቀል የእነርሱም ልጆች ከየከተማው ይመጣሉ፤ ዓርብ ከስግደት ሲመለሱም ከነልጆቻቸው ወደ እናታችን ቤት ገቡ። በሌላ ዓመት እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ ቡናና ቆሎ ብቻ ይቀርብ ነበር፤ የእኛን እርድ እነርሱ፣ የእነርሱንም እኛ አንበላምና። በዚያ ቀን ግን በቤቱ ሥጋ አልቀረበም። ቆጮ፣ በዘይት የተሠራ ጎመንና የባቄላ ወጥ ቀረበ፤ ሁሉም በአንድ ገበታ ዙሪያ ተቀመጡ። ጎረቤቱም እየሳቁ «መስቀል ሁልጊዜ ዓርብ ይዋልልን» አሉ። እናታችን «ለእናንተ ይመቻችኋል፤ ለእኔ ልጆች ግን ቅቤዬ ይቀርብኛል» ብለው መለሱላቸው።

በዚያው ምሽት፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ እናታችን ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን አስወጡ። በውስጡ የአባታችን ፎቶግራፍ፣ አንድ የብር መስቀልና በጨርቅ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች ነበሩ። ወረቀቶቹ ደረሰኞች ናቸው፤ ማኅተማቸው ደብዝዟል፤ አባታችን ለጉራጌ መንገድ ሥራ ያዋጡት ገንዘብ ደረሰኞች። እናታችን ማንበብ አይችሉም፤ ነገር ግን የትኛው የመጀመሪያው፣ የትኛው የመጨረሻው እንደ ሆነ በእጃቸው ዳስሰው ያውቁታል።

እርሳቸው የተዳሩት መንገዱ ከመሠራቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባታችን በዚያ ጊዜ በመርካቶ ሸክም ይሸከሙ ነበር። ለመስቀል ሲመጡ በእግራቸው ስድስት ቀን ይፈጅባቸው ነበር፤ በቾን በጭቃ፣ አዋሽንና ዋልጋን በሙላት ይሻገራሉ፤ መስቀል የሚውለው ወንዙ ገና ሳይጎድል ነውና። አንድ ዓመት ከመንደሩ አብረዋቸው የወጡት አምስት ነበሩ፤ የደረሱት አራት ናቸው። አምስተኛውን ዋልጋ ወሰደው። እናቱ በዚህ ጀፎረ መጨረሻ፣ ዛሬ ዛፉ በቆመበት፣ ደመራው እስኪበርድ ድረስ ቆማ ጠበቀችው፤ ማንም ሊነግራት አልደፈረም። «አባታችሁ ሸክም ተሸክሞ የሚያገኘው ስንት ነው? ግን መዋጮ ሲጠየቅ አንድም ጊዜ የለኝም አላለም» አሉ። ከዚያም ወረቀቶቹን ጠቀለሉ። ታላቅ ወንድማችን ተነሥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ለረጅም ጊዜም አልተመለሱም።

እኛ ስለ ቤንዚን ዋጋ ያልነውን በዚያ ሰዓት አስታወስን።

ቅዳሜ ድርሻችንን በላን። ልጆቹ ከመንደሩ ልጆች ጋር በጀፎረው ላይ ኳስ ሲጫወቱ ዋሉ፤ ማታም ታናሹ ብላቴና ሰባት የጉራጊኛ ቃላት ቈጠረልን፤ ከሰባቱ ሦስቱን በፊታችን መድገም የማይገባው መሆኑን አጎቱ ነገሩት። እሑድ ካስቀደስን በኋላ ተሰናበትን። እናታችን አላለቀሱም። አንድ ሸክላ ቅቤና በኮባ ቅጠል የታሰረ ብዙ ቆጮ በመኪናው ጫኑ፤ መስኮቱን ከፍተን ብንነዳም ሽታው እስከ አዲስ አበባ አብሮን ሄደ።

በበቾ ሜዳ ጎማው የፈነዳበትን ቦታ ልጆቹ ከሩቅ ለዩት። ጣውላው በበረቱ በር ተመልሶ ተሰቅሏል። ገበሬው አልነበሩም፤ ገበያ ሄደዋል ተባልን። የአሥር ዓመት ያህል የምትሆን ልጃቸው ወጣች። ታናሹ ብላቴና ቆጮውን በሁለት እጁ ተሸክሞ፣ በጥቁሩ አፈር ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ሰጣት። እርስዋ በኦሮምኛ፣ እርሱም ትናንት በተማረው ጉራጊኛ አንዳንድ ነገር ተባባሉ። ከዚያም እየሮጠ ተመለሰና መኪናው ተነሣ።